በጉልበቱ ዘመን ታይሰንን ማሸነፍ ይቻል ነበር?

ጅማ ውስጥ ስለ ቦክስ የሚከራከር ሰው ማግኘት ቀላል ነው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ጀበና ቡና የሚጠጣበት ቦታ ቁጭ ማለት በቂ ነው። መጀመሪያ ስለ ጅማ አባ ጅፋር ይወራል። ቀጥሎ አርሰናልና ማንቼ ይነሳሉ። ከዚያ አንዱ ስልኩን ያወጣና አጭር ቪዲዮ ያሳያል። የቀድሞው የከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮን ማይክ ታይሰን አንዱን ምስኪን በአንድ ቡጢ ሲዘርረው። ከዚህ በኋላ ሁሉም ተንታኝ ነው።

ክርክሩ የቆየ ነው፤ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን ጦዟል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15 ቀን 2024 ታይሰን በ58 ዓመቱ ወደ ሪንግ ተመልሶ 31 ዓመት ከሚያንሰው፣ ከዩቲዩብ ወደ ቦክስ ከገባው ጄክ ፖል ጋር ቴክሳስ ውስጥ ተጋጠመ። 8ቱን ዙር ቆሞ ጨረሰ፤ በነጥብ ግን ተሸነፈ። ፍልሚያው በኔትፍሊክስ በቀጥታ ስለተላለፈ፣ ታይሰንን በስም ብቻ የሚያውቁ ብዙ ልጆች ሙሉ ፍልሚያውን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ይኸው ሆነ። ትልልቆቹ ተናደዱ። «ይኼማ ሽማግሌ ነው። በጉልበቱ ዘመን ቢሆን ማንም አይችለውም ነበር» ይላሉ። ልጆቹ ደግሞ የዘመናቸውን የዩክሬን ከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ጠርተው «ኡሲክ በማንኛውም ዕድሜው ያሸንፈዋል» ብለው ይመልሳሉ።

እኔም ታይሰንን እወደዋለሁ። ልጅ እያለን ሰፈር ውስጥ ክንዱ የሚፈራ ልጅ «ታይሰን» ይባል ነበር፤ ከዚያ የሚበልጥ ማዕረግ አልነበረንም። ቢሆንም «ማንም አይችለውም ነበር» የሚለውን አልቀበልም። ይቻል ነበር። እንዴት እንደሚቻልም በግልጽ ይታያል። ማስረጃው ደግሞ የተሸነፈበት የቶኪዮው ፍልሚያ ብቻ አይደለም። ባሸነፋቸው ፍልሚያዎች ውስጥ ነው ቁጭ ብሎ ያለው።

በቅድሚያ ለሰውየው የሚገባውን እንስጠው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ታይሰን ፕሮፌሽናል የሆነው በ1985 ነው። ኖቬምበር 1986 ላይ፣ ገና በ20 ዓመት ከ4 ወሩ፣ ትሬቨር በርቢክን በሁለተኛው ዙር ዘርሮ በታሪክ በዕድሜ ትንሹ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። በርቢክ በአንድ ቡጢ ወደቀ። ልነሳ ሲል እግሩ ከዳው፤ እንደገና ወደቀ። ደግሞ ተነስቶ እየተንገዳገደ ሄዶ ሌላ ቦታ ወደቀ። ጃንዋሪ 1988 ላይ ላሪ ሆልምስ በ4ኛው ዙር ተዘረረ። ሆልምስ በሕይወቱ 75 ጊዜ በፕሮፌሽናልነት ተጋጥሟል፤ ፍልሚያ ሳይጨርስ የቀረው በዚያ ቀን ብቻ ነው። ጁን 27 ቀን 1988 ደግሞ 31 ጊዜ ተጋጥሞ አንድም ጊዜ ያልተሸነፈው ማይክል ስፒንክስ በ91 ሰከንድ አለቀ። ስፒንክስ ከዚያ በኋላ ሪንግ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ያደረገው 178 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሰው ነው። በከባድ ሚዛን ይህ አጭር የሚባል ቁመት ነው። ተጋጣሚዎቹ አብዛኞቹ ከራሱ በላይ ነበሩ። ስለዚህ ከሩቅ መምታት አይችልም፤ መግባት አለበት። አሳዳጊውና አሰልጣኙ ከስ ዳማቶ ያስተማረው ይህንኑ ነው። ሁለቱን ጓንቶች ጉንጭ ላይ ለጥፎ፣ ጭንቅላቱን ያለማቋረጥ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ ይገባል። ተጋጣሚው ቀጥተኛውን የግራ ቡጢ፣ ማለትም ጃቡን፣ ሲሰነዝር ታይሰን ከሥሩ ሾልኮ ጎኑ ይገኛል። ከዚያ በቀኙ ጎን ይመታል። ተጋጣሚው ክርኑን ወደ ጎኑ ሲያወርድ ያው ቀኝ እጅ ተመልሶ ከታች ወደ ላይ አገጭ ላይ ይመጣል። ሁለቱ ቡጢዎች ከመፍጠናቸው የተነሳ በዝግታ ካልታየ በቀር አይለዩም። ሰውየው ጉልበተኛ ብቻ አልነበረም፤ የተማረ ቦክሰኛ ነበር። አድናቂዎቹም ይህን ይረሱታል።

ታዲያ ያ ስልት አንድ ግዴታ አለው። መግባት አለበት። ለመግባት ደግሞ የተጋጣሚውን ረጅም ክንድ ማለፍ አለበት። ከገባም በኋላ እጁ ነጻ መሆን አለበት። ከእነዚህ አንዱን የዘጋበት ሰው ሥራውን ያበላሽበታል።

እኛ ግን ይህን የማየት ዕድል አልነበረንም። እኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት የሚታየው የታይሰን ካሴት ዝረራ በዝረራ ነበር። አንዱ ይወድቃል፣ ሌላው ይወድቃል፣ ካሴቱ ያልቃል። ዛሬ በቲክቶክ የሚዞረውም ያው ነው፤ እንዲያውም አጥሯል። ለአንድ ጊዜ የጅማን ቋንቋ ልጠቀም። ቡና ነጋዴ ጆንያውን ከላይ ብቻ አይቶ አይገዛም፤ ከመሀልም ከሥርም ዘግኖ ያያል። ታይሰንን ግን ሁላችንም ከላይ ብቻ አይተን ነው የገዛነው።

እስቲ ከመሀል እንዝገን። ታይሰን ቶኪዮ ከመሄዱ በፊት 37 ጊዜ ተጋጥሞ 37ቱንም አሸንፏል። ከእነዚህ 33ቱ በዝረራ ነው። 4ቱ ግን በነጥብ ነበሩ። ስለ 33ቱ ሁሉም ያወራል። ስለ 4ቱ የሚያወራ ሰው ጅማ ላይ ገና አላገኘሁም።

የመጀመሪያው ጄምስ ቲሊስ ነው፤ ሜይ 1986። ቲሊስ በጊዜው ኮከቡ እየጠለቀ የነበረ ሰው ነው። የተለየ ቡጢ የለውም። ግን ጃብ አለው፣ እግር አለው። አንድ ቦታ አልቆመለትም። በ4ኛው ዙር ተመትቶ ወደቀ፤ ተነስቶ እንደገና መሥራት ጀመረ። 10 ዙር አለቀ። ሁለቱ ዳኞች 6 ዙር ለታይሰን፣ 4 ዙር ለቲሊስ ሰጡ። ያ አንድ መውደቅ ባይኖር ኖሮ ነገሩ በጣም ይቀራረብ ነበር። ከ17 ቀን በኋላ ሚች ግሪን ተከተለ። ረጅም ነው፤ እየያዘና እያቀፈ 10 ዙር ዘለቀ። ታይሰን በቀላሉ አሸነፈ፤ ግን አልዘረረውም።

«ያኔ ገና ልጅ ነበር፣ ሻምፒዮን አልሆነም» የሚል አይጠፋም። እሺ። 1987ን እንውሰድ። ሦስቱንም የዓለም ሻምፒዮንነት ቀበቶ የሰበሰበበት ዓመት ነው፤ ከዚህ በላይ የጉልበት ዘመን የለም። በዚያ ዓመት 4 ጊዜ ተጋጠመ። ከ4ቱ ሁለቱ 12 ዙር ሙሉ ሄዱ።

ማርች ላይ ጄምስ ስሚዝ ነበር። ስሚዝ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ታይሰንን አቅፎ ያዘው። ይመታል፣ ያቅፋል። ዳኛው ነጥብ ቀነሰበት፤ እሱ ግን ማቀፉን አልተወም። አስቀያሚ ፍልሚያ ነው፤ ማንም ደግሞ አያየውም። ውጤቱም የታይሰን ነው፤ ስሚዝ አንድ ዙር እንኳን በወጉ አላሸነፈም። ግን አንድ ነገር አስተምሯል። ጠንካራ ሰው እጁን አጥብቆ ከያዘው ታይሰን በእቅፍ ውስጥ የሚሠራው ሁለተኛ ዕቅድ የለውም። ዳኛው እስኪያላቅቀው ይጠብቃል። ስሚዝ የጎደለው ከማቀፉ በፊት የመምታት ድፍረት ነው። በ12ኛው ዙር ማብቂያ ላይ ቀኙን ሲለቀው ታይሰንን አገኘው። «ይህን 11 ዙር ሙሉ የት ደብቀኸው ነበር?» ያሰኛል።

ኦገስት 1 ቀን 1987 ደግሞ ቶኒ ታከር መጣ። ይህን ፍልሚያ ደጋግሜ ነው የማየው። ታከር 196 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ያልተሸነፈ ነው፣ የራሱ ቀበቶ አለው። በመጀመሪያው ዙር ታይሰን እንደ ልማዱ ዝቅ ብሎ ሲገባ ታከር በግራው ከታች ወደ ላይ ላከለት። የታይሰን ጭንቅላት ወደ ላይ ተነቀነቀ፤ ራሱም ወደ ኋላ ሄደ። ታይሰንን ወደ ኋላ ሲሄድ ማየት በዚያ ዘመን የተለመደ አልነበረም። አልወደቀም፤ አገጩ ጠንካራ ነው፤ ቀስ በቀስ ፍልሚያውን ወሰደ። ታከርም በኋላ እጄ ተጎድቶ ነበር ብሏል። በነጥብ አሸናፊው ታይሰን መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው ሌላ ነው። ዝቅ ብሎ የሚገባን ሰው በትክክለኛው ሰዓት ከታች የሚቀበለው ረጅም ሰው ካለ ምን ይሆናል? ታከር አንድ ጊዜ አደረገው። ደጋግሞ የሚያደርገው ሰው ነበር የጎደለው።

ቁመት ብቻውን መድኃኒት አይደለም። ታይረል ቢግስ እንደ ታከር ረጅም ነበር፤ የ1984 የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤትም ነው። ታይሰን በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ሰባት ዙር ቀጥቅጦ አስቆመው። ቢግስ ክንድ ነበረው፤ ታይሰንን የሚያስፈራው ቡጢ ግን አልነበረውም። የሚያስፈልገው የሁሉም ድምር ነው። ረጅም ጃብ፣ ቅርብ ሲሆን ማቀፍ የሚችል ጉልበት፣ ታይሰን እንዲጠነቀቅ የሚያደርግ ከባድ ቡጢ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አለመፍራት። በየአንዳንዱ ፍልሚያ አንዱ ወይም ሁለቱ ታይተዋል። ሁሉንም በአንድ ቀን ያመጣው፣ ቶኪዮ ላይ ታይሰንን ያሸነፈው በስተር ዳግላስ ነው።

አሁን ቶኪዮ እንሂድ፤ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1990። እዚህ ላይ የሚነሳውን መልስ በቃሌ አውቀዋለሁ። አንድ ባጃጅ የሚነዳ ጓደኛዬ ሁሌም እንዲህ ይለኛል፦ «ወንድሜ፣ ያ ታይሰን አይደለም። ሳይለማመድ ነው የሄደው። ሩኒን አባርሮ ማንን ይዞ ነበር?»

እውነት አለው። ዳማቶ በ1985 ሞቷል። ሥራ አስኪያጁ ጂም ጃኮብስ በማርች 1988 ሞተ። ከስፒንክስ ፍልሚያ በኋላ አሰልጣኙ ኬቨን ሩኒ ተባረረ፤ የፍልሚያ አዘጋጁ ዶን ኪንግ ገባ። ቶኪዮ ላይ ልምምድ ሲያደርግ ግሬግ ፔጅ የተባለ የልምምድ አጋሩ መትቶ ጣለው። ከፍልሚያው የበለጠ የሚያሳዝነኝ የአሰልጣኞቹ ነገር ነው። የታይሰን ግራ ዓይን ሲያብጥ የሚጫኑበት ቀዝቃዛ ብረት እንኳን አልያዙም ነበር። በስስ የላስቲክ ጓንት ውስጥ በረዷማ ውሃ ሞልተው ዓይኑ ላይ ያዙለት። የዓለም ሻምፒዮን ነው እኮ! ይህ ለማንም ቦክሰኛ አይገባም።

ግን ሌላውንም እንይ። ስፒንክስን በ91 ሰከንድ የዘረረ ጊዜ ታይሰን የመዘነው 218 ፓውንድ ነው። ቶኪዮ ላይ 220 ተኩል ነበር። ልዩነቱ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ዕድሜው 23 ነበር። በሁለቱ ፍልሚያዎች መካከል 20 ወር እንኳን አልሞላም። በመሀልም ፍራንክ ብሩኖን በ5ኛው ዙር፣ ካርል ዊሊያምስን በ93 ሰከንድ አስቁሟል። ዊሊያምስ በተዘረረ ጊዜ «ታይሰን አልቋል» ያለ ሰው ጥቂት ነው። ያ የሆነው ቶኪዮ ሊደረስ 7 ወር ሲቀረው ነው። ብሩኖም ቢሆን በመጀመሪያው ዙር ታይሰንን አንገዳግዶት ነበር፤ ያኔ ግን ስላሸነፈ ማንም ምክንያት አልፈለገም።

የጉልበት ዘመኑን መጨረሻ የምንወስነው ከሽንፈቱ ተነስተን ነው። ከተሸነፈ፣ የጉልበት ዘመኑ ከዚያ በፊት አልቋል ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ስሌት ማንም ቦክሰኛ በጉልበቱ ዘመን ተሸንፎ አያውቅም። ሥነ ሥርዓት ማጣትም የታይሰን አንድ ክፍል ነው፤ ከውጭ የመጣ አደጋ አይደለም። የማይለማመድ ታይሰን ያው ታይሰን ነው። ሩኒን ያባረረውም ራሱ ነው።

ዳግላስን ደግሞ በዚህ ክርክር ውስጥ ማንም አያነሳውም፤ ይኼ ያሳዝነኛል። እናቱ ከሞተች ገና 23 ቀኗ ነበር። አንድ የላስ ቬጋስ ቁማር ቤት ዳግላስ ያሸንፋል ብሎ ለሚወራረድ 42 ለ 1 ነበር የሰጠው። ቀደም ሲል በታከር ተሸንፎ ስለነበር «ልብ የለውም» ተብሏል። በዚያ ቀን ግን ጃቡ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ የታይሰን ፊት ላይ ነበር። ክንዱ 211 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የታይሰን 180። ጃቡን ተከትሎ ቀኙ ይመጣል። ታይሰን ሲጠጋ ያቅፈዋል፤ ሲላቀቁ ደግሞ እንደገና ጃብ። የቲሊስ እግር፣ የስሚዝ እቅፍ፣ የታከር ከታች ወደ ላይ የሚመጣ ቡጢ በአንድ ሰው ላይ።

በ8ኛው ዙር ማብቂያ ላይ ታይሰን አንድ ቀኝ አገኘ። ከታች ወደ ላይ የመጣ፣ የድሮው የራሱ ቡጢ። ዳግላስ በጀርባው ወደቀ። እዚህ ላይ የሚያደርገውን ልብ ብላችሁ እዩ። በግራ ጓንቱ መሬቱን በንዴት መታው። የደነገጠ ሰው እንዲህ አያደርግም፤ በራሱ የተናደደ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው። ዳኛው 9 ሲል ተነሳ። «ቆጠራው ዘግይቷል» የሚለው ክርክር የመጣው ከዚህ ነው። እውነት ነው፤ የመሀል ዳኛው ኦክታቪዮ ሜይራን ቆጠራ ከሰዓት ያዡ ቆጠራ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ግን የወደቀ ቦክሰኛ የሚሰማው የመሀል ዳኛውን ነው። የሚነሳውም በእሱ ቁጥር ነው። ዳግላስ ቁጥሩን እየተከታተለ ነበር። 7 ላይ ተነስ ቢባል 7 ላይ ይነሳ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ9ኛው ዙር ዳግላስ ታይሰንን ገመድ ላይ አስደግፎ ቀጠቀጠው። በ10ኛው ከታች ወደ ላይ አንድ ቀኝ ላከ፤ የታይሰን ጭንቅላት ወደ ኋላ ተወረወረ። ከዚያ ግራ ቀኝ እያፈራረቀ ተከተለው። ታይሰን በፕሮፌሽናል ፍልሚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደቀ። በአራት እግሩ ሆኖ የጥርስ መከላከያውን በጓንቱ እየዳበሰ ፈለገ፤ አግኝቶ ጫፉን ብቻ ነክሶ ሊነሳ ሞከረ። አልቻለም። የሚገርመው፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንዱ ዳኛ ታይሰንን በአንድ ነጥብ ያስቀድም ነበር፤ ሌላው እኩል ነበር ያለው። ፍልሚያውን ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ማመን ያቅተዋል።

ዳግላስ ከ8 ወር በኋላ ከብዶና ተዝረክርኮ መጥቶ በሆሊፊልድ በሦስተኛው ዙር ተዘረረ። ስሙን ያበላሸው ይኼ ነው። ግን የኦክቶበሩ ዳግላስ የፌብሩዋሪውን አይሰርዘውም።

ስለ ሌሎቹ አጠር ላድርግ። የማይሸነፍ ሰው በከባድ ሚዛን ታሪክ የለም። ጆ ሉዊስ በ1936 ያልተሸነፈ ወጣት ሆኖ በማክስ ሽሜሊንግ በ12ኛው ዙር ተዘረረ፤ ምክንያቱም ከጃብ በኋላ ግራ እጁን ዝቅ ያደርግ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በ124 ሰከንድ ብድሩን መለሰ። 49 ለ 0 ሆኖ የወጣው ሮኪ ማርሲያኖም በ1952 ቀበቶውን ሲያገኝ በመጀመሪያው ዙር ወድቆ ነበር። እስከ 13ኛው ዙር ድረስም በነጥብ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። አንዲት ቀኝ ናት ያዳነችው።

ጅማ ውስጥ ደግሞ የመሐመድ አሊ ወገን ብዙ ነው። ትልልቆቹ አሊን የሚወዱት በቡጢው ብቻ አይደለም፤ በእምነቱና ቬትናም አልዘምትም በማለቱም ነው። የ1966ቱ አሊ ከ1988ቱ ታይሰን ጋር ቢገናኝ የእኔ ምርጫ አሊ ነው። ርቀት የሚጠብቅ እግር፣ ፈጣን ጃብ፣ ሲጠጉት አንገት ይዞ ወደ ታች የሚጫን ክንድ አለው። የታይሰን ወገኖች ግን አንድ ጠንካራ መከራከሪያ አላቸው። ጆ ፍሬዘር አጭር ነበር፣ ዝቅ ብሎ ይገባ ነበር፤ በ1971 አሊን ከጎን በሚመጣ የግራ ቡጢ (ሁክ) ጥሎ በ15 ዙር አሸንፎታል። ታይሰን ከፍሬዘር ይፈጥናል። ስለዚህ አሊ በቀላሉ ያሸንፋል የሚል ሰው ካለ አልሰማውም።

ኡሲክስ? ልጆቹ የሚሉትን በግማሽ እስማማለሁ። ኡሲክ 191 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ግራኝ ነው፣ እግሩ አይቆምም፤ ፊዩሪን በ2024 ሁለት ጊዜ አሸንፏል፣ ዱቧን በ2025 ዌምብሌይ ላይ በ5ኛው ዙር ዘርሯል። በ2020 ግን ዴሪክ ቺሶራ እየገፋ ሲገባበት የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ተቸግሮ ነበር። ቺሶራ ከታይሰን በፍጥነት በጣም ይርቃል። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ 4 ዙሮች የታይሰን ናቸው። በእነዚያ 4 ዙሮች ካልጨረሰው ግን ኡሲክ እየመራ ይሄዳል፤ ቲሊስ የጀመረውን እሱ ይጨርሰዋል።

ከሁሉም ይልቅ ለታይሰን የምሰጋው ከ1973ቱ ጆርጅ ፎርማን ነው። ፎርማን ኪንግስተን ላይ ፍሬዘርን በሁለት ዙር ስድስት ጊዜ ጣለው። አደራረጉን እዩት። ፍሬዘር ዝቅ ብሎ ሲገባ ፎርማን በሁለት እጁ ትከሻውን ገፍቶ ያቆመዋል፤ ከዚያ ከታች ወደ ላይ ይመታዋል። ልክ ታከር በመጀመሪያው ዙር እንዳደረገው ነው፤ ልዩነቱ የፎርማን ቡጢ የከባድ ሚዛን ታሪክ ካያቸው ከባዶቹ አንዱ መሆኑ ነው። ታይሰን ከፍሬዘር ፈጥኖ ይገባል፣ ቀድሞም ሊያገኘው ይችላል። ያ ፍልሚያ ሦስት ዙር አይሄድም። የሚወድቀው ማን ነው ከተባልኩ፣ ታይሰን ነው እላለሁ።